የአንድ ሌሊት ስንቅ፦ በበረዶ ወራት የጓሮ ወፎችን ስለ መመገብ

በዲሴምበር የመጨረሻ ሳምንታት ሚኒያፖሊስ ላይ ፀሐይ የምትታየው ከዘጠኝ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቅና በማግስቱ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ብቅ ትላለች። በመካከል ያለው ሌሊት ከ15 ሰዓት ይበልጣል። በዚያ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ የአገሬው ሰው አይደነቅም፤ 30 የሚሞላበትም ጊዜ አለ። ሰው ማሞቂያውን ከፍ አድርጎ፣ ብርድ ልብሱን ደርቦ ይተኛል። ከመስኮቱ ማዶ፣ በጥድ ቅርንጫፍ ውስጥ ወይም በዛፍ ሽንቁር፣ 11 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ ያንኑ ሌሊት ላባዋን ብቻ ለብሳ ታድራለች።

አሜሪካ ውስጥ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በጓሯቸው ለዱር ወፎች ምግብ ያቀርባሉ። ሚኒሶታ፣ ዴንቨር፣ ቶሮንቶ ወይም ዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖር ኢትዮጵያዊ በጎረቤቱ ጓሮ ተንጠልጥሎ የሚያየው ቱቦ መሰል ዕቃ የወፍ መመገቢያ ነው። ለወፍ እህል መበተን ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለርግቦች እፍኝ እህል የሚበትን ሰው ማየት የተለመደ ነው። በበረዶ አገር ግን ነገሩ ጥቂት ዕውቀት ይጠይቃል። ወፏ ቀን የበላችው ሌሊቱን ካላሻገራት ምንም አልበላችም ማለት ነው። በደንብ የታሰበበት መመገቢያ የዚያን ሌሊት ስንቅ ይሞላላታል። ያልታሰበበት መመገቢያ ደግሞ በሽታ ያስይዛታል፣ ከመስታወት ጋር ያላትማታል፣ ለድመት ያጋልጣታል። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ይኸው ነው፦ መመገብ መልካም ነው፤ ኃላፊነቱን አብሮ ለሚወስድ ሰው።

ብርዱን በምን ትችለዋለች?

በመመገቢያ ዙሪያ ከሚታዩት ወፎች ሁሉ ብርድን እንዴት እንደሚቋቋሙ በደንብ የተጠናችው ቺካዲ ናት። ጥቁር ቆብ የደፋች የምትመስል፣ ጉንጯ ነጭ፣ ጀርባዋ ግራጫ የሆነች ትንሽ ወፍ ስትሆን፣ ከአላስካ እስከ ኒውፋውንድላንድ ባለው ሰፊ ምድር በረዶውን ሳትሸሽ ዓመቱን ሙሉ ትኖራለች። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ አንባቢዎች በጓሯቸው የሚያዩዋት የካሮላይና ቺካዲ የቅርብ ዘመዷ ናት። ክብደቷ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር አይሞላም። የሰውነቷ ሙቀት ግን ከእኛ ይበልጣል፤ ቀን ቀን 42 ዲግሪ ገደማ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ሲሆን በሰውነቷና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት ከ60 ዲግሪ ያልፋል።

ትንሽ አካል ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ለብርድ የሚያጋልጠው ቆዳ ሰፊ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል፤ ያመለጠውንም ለመተካት ሳያቋርጥ ማቃጠል አለበት። ቺካዲ ይህን የምትወጣው በሦስት መንገድ ነው። በመጀመሪያ ላባዋን ትነፋለች፤ በላባዎቹ መካከል የታሰረው አየር ሙቀቱን ይይዝላታል። ቀጥሎ ትንቀጠቀጣለች፤ ለመብረር የሚያገለግሉት ትልልቆቹ የደረት ጡንቻዎቿ ክንፏን ሳያንቀሳቅሱ እየተኮማተሩ ሙቀት ያመነጫሉ። በመጨረሻም ሌሊት የሰውነቷን ሙቀት ራሷ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ዝቅ ታደርገዋለች። ሙቀቱ ሲወርድ ወጪው ይቀንሳል። ሰው በዚህ መጠን ቢቀዘቅዝ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር፤ እሷ ግን ሲነጋ ተንቀጥቅጣ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።

ለዚህ ሁሉ የሚነደው ስብ ነው። ቺካዲ በአጭሩ ቀን ከክብደቷ እስከ አንድ አሥረኛ የሚደርስ ስብ አጠራቅማ ወደ ማደሪያዋ ትገባለች። ሲነጋ አብዛኛው አልቋል። ለሳምንት የሚሆን ጥሪት የላትም፤ ብዙ ብትሰበስብ ክብደቱ ለመብረር ያስቸግራታል፣ ለጭልፊትም ያመቻቻታል። ስለዚህ በየቀኑ ከባዶ ትጀምራለች። መመገቢያ የሰቀለ ሰው ወፎቹ ማለዳና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሲሻሙ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። ጠዋት ያለቀውን ይተካሉ፣ ማታ ለሌሊቱ ይሰንቃሉ።

ቺካዲ ያገኘችውን ሁሉ ወዲያው አትበላም። አንዷን ፍሬ ከቅርፊት ስንጥቅ፣ ሌላዋን ከደረቅ ቅጠል ሥር፣ ሦስተኛዋን ከዛፍ ሽበት ውስጥ ትሸሽጋለች። በአንድ ወቅት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ፍሬዎችን በየቦታው እየበተነች ትደብቃለች፤ የደበቀችበትንም ቦታ አራት ሳምንት ያህል ቆይታ ታስታውሰዋለች። በአንጎሏ ውስጥ ቦታን ለማስታወስ የሚያገለግለው ክፍል በመኸር፣ ልክ የመሸሸጊያው ሥራ ሲበዛ፣ እንደሚያድግ ተመራማሪዎች ተመልክተዋል።

ሁሉም ወፍ ይህን ፈተና አይቀበልም። ነፍሳት ለቅመው የሚኖሩት ብርዱ ሳይበረታ ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ከአውሮፓ ተነሥተው በየዓመቱ መስከረም አካባቢ ወደ ኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ሜዳዎች የሚወርዱት ወፎች የሚሸሹት ይህንኑ የምግብ እጦትና ረጅም ሌሊት ነው። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ አጭር ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል አያንስም። በበረዶው ውስጥ የሚቀሩት ፍሬ መፈልፈል፣ ቅርፊት ውስጥ የተሸሸገ የነፍሳት እንቁላል መፈለግና ሌሊቱን መቻል የተካኑት ናቸው።

በእርግጥ ይጠቅማል?

ይህን ጥያቄ በተግባር ከመለሱት አንዱ ዊስኮንሲን ውስጥ የተደረገ ጥናት ነው። ማርጋሬት ብሪቲንግሃምና ስታንሊ ቴምፕል በ1980ዎቹ ቺካዲዎችን እየያዙ እግራቸው ላይ ምልክት አሠሩላቸው። ከዚያም መመገቢያ ባለበት ጫካ የሚኖሩትን፣ የተፈጥሮ ምግብ ብቻ ከሚያገኙት ጋር አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት ውጤት ግልጽ ነበር። መመገቢያ ካላቸው መካከል 69 በመቶው ወቅቱን በሕይወት ተሻግረዋል፤ መመገቢያ ከሌላቸው መካከል የተሻገሩት 37 በመቶው ብቻ ናቸው።

ቁጥሩን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ልዩነቱ የመጣው በሁሉም ወር አልነበረም። ብርዱ ለዘብ ባለባቸው ወራት ሁለቱም ወገኖች እኩል ኖሩ። መመገቢያው ነፍስ ያዳነው ብርዱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪን አልፎ የወረደባቸው ቀናት በበዙባቸው ወራት ነው። ወፎቹም በመመገቢያው ላይ ብቻ አልኖሩም፤ በአጠገባቸው የሞላ መመገቢያ እያለ እንኳ ከዕለት ኃይላቸው ያገኙበት አንድ አምስተኛውን ያህል ነበር። የቀረውን ራሳቸው ከዛፉ፣ ከቅርፊቱ፣ ከቁጥቋጦው ፈልገው አግኝተዋል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች ብዙ ሰው የሚፈራውንም ነገር ፈተሹ፦ ወፉ ለምዶ ቢቀርስ? ለ25 ዓመት ወፎች ሲመገቡበት የኖረውን ቦታ መረጡና መመገቢያዎቹን አነሡ። እዚያ የነበሩት ቺካዲዎች መመገቢያ ዓይተው ከማያውቁት እኩል በሕይወት ቆዩ። ፍለጋውን አልረሱም፤ እጅ መጠበቅም አልለመዱም። ስለዚህ ለጥቂት ቀን ከቤት የሚርቅ ሰው ወፎቼን አስራብኩ ብሎ መጨነቅ አይኖርበትም። አንድ ነገር ብቻ ያስብ፦ መመገቢያው ባዶ ሊሆን ከቻለ በለዘበው ሳምንት ይሁን፤ ከባድ ብርድ በተተነበየበት ሌሊት ዋዜማ ግን ሞልቶ መገኘት አለበት።

ምን እንስጥ?

የሚያስፈልገው ስብ ከሆነ ምርጫው ይቀልላል። ከሁሉ የሚሻለው ጥቁሩ የሱፍ አበባ ፍሬ ነው። ቅርፊቱ ስስ፣ ውስጡ ዘይታም ስለሆነ ትንሽ ምንቃር ያለውም ወፍ ይከፍተዋል። ነጭ መስመር ያለበት ትልቁ ዓይነት ቅርፊቱ ወፍራም ነውና ለትንንሾቹ ያስቸግራል። አንድ ከረጢት ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ጥቁሩን ይግዛ።

ቺካዲ ይህን ፍሬ ስትበላ ለማየት ቢያንስ አንድ ማለዳ መስኮቱ አጠገብ መቀመጥ ይገባል። መጥታ አንድ ፍሬ ብቻ ታነሣለች። አንዳንዴ አንዱን አንሥታ ትጥለውና ከበድ ያለውን ትመርጣለች። እዚያው ቆማ አትበላም፤ ወደ ቅርብ ቅርንጫፍ ትበራለች። ፍሬውን በሁለት እግሮቿ መካከል አጥብቃ ይዛ በምንቃሯ ጫፍ ደጋግማ ትቀጠቅጠዋለች። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ውስጡን እየቆረሰች ትበላና ገለባውን ትጥላለች። ከዚያ ተመልሳ ሌላ አንድ ታነሣለች። ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ይህ ነው።

ከሱፍ አበባው ጎን የሚቀመጠው እኛ ለፍትፍት የምናውቀው ሱፍ ነው። ነጭ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ወፍራም ምንቃር ያለው ቀዩ ካርዲናል ይወደዋል፤ ሽኮኮ ግን ብዙም አይጓጓለትም። ጨው የሌለበት ለውዝ ለግንደ ቆርቁርና ለብሉ ጄይ ይሆናል። ነጭ ሚሌት መሬት ላይ ወይም ዝቅ ባለ ዝርግ ሳህን ቢበተን ከሰሜን ወርደው በበረዶ ወራት የሚታዩት ጃንኮዎችና ድንቢጦች ይለቅሙታል።

ለግንደ ቆርቁር ከሁሉ የሚበልጠው ሞራ ነው። በሬ ሲታረድ ከኩላሊት ዙሪያ የሚወጣው ጠንካራ ነጭ ስብ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ተጠፍጥፎ እንደ ሳሙና በልክ ተቆርጦ ይሸጣል፤ ከሥጋ ቤትም ጥሬውን ማግኘት ይቻላል። በሽቦ መረብ ውስጥ ተደርጎ ከዛፍ ግንድ ጋር ይታሠራል። ዳውኒ የሚባለው ትንሹ ግንደ ቆርቁር ጅራቱን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ እየቆረቆረ ይበላዋል። በሙቀት ጊዜ ሞራ ይቀልጣል፣ ይበላሻል፣ የወፉንም ላባ ያጣብቃል፤ ስለዚህ የበረዶ ወራት ምግብ ብቻ ይሁን።

የማይሰጠውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ዳቦና እንጀራ ወፉን ያጠግቡታል እንጂ ለሌሊቱ የሚሆን ስብ የላቸውም። ከማዕድ የተረፈ ወጥ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ጨው ወይም በርበሬ የነካው ነገር አይቀርብም። ርካሹ ድብልቅ ከረጢትም ብዙውን ጊዜ ያከስራል። ማሙያ ተብሎ የሚጨመርበት ቀይ ማሽላና ስንዴ ነው፤ በሰሜኑ ያሉት የጓሮ ወፎች አብዛኞቹ ማሽላውን እየገፉ የሚፈልጉትን ይለቅማሉ። የተገፋው መሬት ላይ ወድቆ ይሻግታል፣ አይጥ ይጠራል። በርካሽ የተገዛው እህል ግማሹ ሲጣል ውዱ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

ከጎጃም ማሳ እስከ ጓሮ መመገቢያ

በዚያው መደርደሪያ ላይ ቀጭን፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ፍሬ የያዘ ከረጢት አለ። የንግድ ስሙ ናይጀር ነው። በመዳፍዎ ዘግነው ቢያዩት ይለዩታል፤ ኑግ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ጊዞቲያ አቢሲኒካ የሚባለውና በመስከረምና በጥቅምት የጎጃምንና የወለጋን ማሳ ቢጫ የሚያለብሰው ያው ኑግ። አሜሪካ ለወፍ ምግብ የምታስገባው ኑግ ከኢትዮጵያ፣ ከሕንድና ከማይናማር የሚመጣ ነው።

ይህን ፍሬ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ጎልድፊንች ነው። በሙቀት ወራት ወንዱ ደማቅ ቢጫ ይለብሳል፤ በበረዶ ወራት ግን ላባውን ቀይሮ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ስለሚሆን ብዙ ሰው አይለየውም። በተፈጥሮው የሚኖረው ከእሾህማ አበቦችና ከመሰሎቻቸው በሚለቅመው ፍሬ ነው። ኑግም፣ የሱፍ አበባም፣ እነዚያም የአንድ የእጽዋት ቤተሰብ አባላት ናቸው። ጎልድፊንች ኑግን ዓይቶ የማያውቅ የአሜሪካ ወፍ ቢሆንም ስሉ ምንቃሩ ለዚህ ዓይነት ፍሬ የተሠራ ነውና አልተቸገረም። ከክብደቱ ከሲሦ በላይ ዘይት የሆነ ፍሬ ደግሞ ለብርድ ሌሊት ጥሩ ስንቅ ነው።

ወደ አሜሪካ የሚገባው ኑግ አይበቅልም። ከኑግ ማሳ አብሮ የሚታጨድ፣ በሌላ ተክል ላይ እየተጠመጠመ ጭማቂውን የሚመጥ ጥገኛ አረም አለ። የዚህ አረም ዘር ከኑጉ ጋር ተደባልቆ እንዳይገባ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ጭነቱ በ120 ዲግሪ ሙቀት ለ15 ደቂቃ እንዲታከም ያዝዛል። ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ ይባል የለ? እዚህ ግን ከአረም የተገኘው ኑግ ነው አብሮ የሚጠበሰው። ሙቀቱ የመብቀል አቅሙን ያጠፋል፤ ዘይቱን ግን አያጠፋም።

ኑግ ደቃቅ ስለሆነ በተራ መመገቢያ ውስጥ ይፈስሳል፤ ቀጫጭን ስንጥቅ ያለው የራሱ ቱቦ ወይም ጥቅጥቅ ያለ የጨርቅ ከረጢት ይፈልጋል። ከሥሩ የሚከመረውን ጥቁር ነገር አይተው ወፎቹ አልበሉትም ብለው አያዝኑ፤ አብዛኛው የተፈለፈለ ገለባ ነው። ጎልድፊንቾች ያለ ምክንያት መምጣት ካቆሙ ግን ፍሬውን ይፈትሹ። አንዱን በጥፍርዎ ሲጫኑት ዘይት ካልወጣው ደርቋል፤ የደረቀ ኑግ አይበሉም። ጥቂት ጥቂት ገዝቶ ቶሎ መጨረስ ይሻላል።

ውሃና መጠጊያ

ሁሉ ነገር በረዶ በሆነበት ሳምንት ፈሳሽ ውሃ ከምግብ እኩል ይፈለጋል። ወፍ በረዶ መዋጥ ትችላለች፤ ነገር ግን በሆዷ ውስጥ ለማቅለጥ ከዚያው ከስንቋ ላይ ሙቀት ታወጣለች። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ በኤሌክትሪክ ከመቀዝቀዝ ነጥብ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚቆይ ጎድጓዳ ሳህን ይሸጣል። ዝርግ ይሁን፤ ጥልቀቱ ከአምስት ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ውሃው እንዳይረጋ ተብሎ የመኪና ፀረ በረዶም ሆነ ማንኛውም ኬሚካል ፈጽሞ አይጨመርበትም፤ ይገድላል።

ወፎች የሚበሉበትን ያህል የሚጠጉበት ያስፈልጋቸዋል። ቅጠሉ የማይረግፍ ጥድ ወይም ሴዳር ነፋሱን ይገታላቸዋል። የደረቀ ዛፍ ሰውና ቤት ላይ የማይወድቅ ከሆነ ይቆይ፤ በውስጡ ያለው ሽንቁር ለቺካዲና ለግንደ ቆርቁር ማደሪያ ነው። በመኸር ጓሮን ሲያጸዱ የደረቁ የአበባ ራሶችን አለመቁረጥም ትልቅ እገዛ ነው። ጎልድፊንች በረዶ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመው ግንድ ጫፍ ፍሬውን ይለቅማል፤ በግንዱ ውስጥ የተኙት ነፍሳትም ለግንደ ቆርቁር ምግብ ይሆናሉ።

መመገቢያው ጠላት እንዳይሆን

እ.ኤ.አ. በ1994 መጀመሪያ ላይ በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ሰዎች በመመገቢያቸው ላይ እንግዳ ነገር አዩ። ሃውስ ፊንች የሚባሉት ወፎች ዓይናቸው አብጦና ተጋርዶ፣ እያዩ የማያዩ ሆነው ይቀመጡ ነበር። በሽታውን ያመጣው ቀደም ሲል በዶሮዎች ላይ ይታወቅ የነበረ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በምሥራቅ አሜሪካ ሁሉ ተስፋፋ፤ የሃውስ ፊንችንም ቁጥር በብዙ ቦታ ክፉኛ ቀነሰ። ታማሚው ዓይኑን ያሻሸበትን የመመገቢያ አፍ ጤነኛው ሲነካ በሽታው ይተላለፋል። በ2020 መጨረሻና በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ሳልሞኔላ ፓይን ሲስኪን የተባሉትን ትንንሽ ወፎች በምዕራብ ግዛቶች ስለፈጀ ሰዎች መመገቢያቸውን ለጊዜው እንዲያወርዱ ተመክረዋል።

በተፈጥሮ ተበታትነው የሚለቅሙትን ወፎች አንድ ጠባብ ቦታ ላይ የሰበሰብናቸው እኛ ነን። ስለዚህ ንጽሕናው የእኛ ዕዳ ነው። መመገቢያው ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ተፈታትቶ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ከዚያም ዘጠኝ እጅ ውሃ ከአንድ እጅ በረኪና ጋር በተደባለቀበት ለአሥር ደቂቃ ይዘፍዘፍ፣ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ይሞላ። ከሥሩ የወደቀው ገለባና ኩስ ይጠረግ። ዓይኗ ያበጠ ወይም ላባዋን ነፍታ ሰው ሲቀርባት የማትበር ወፍ ካዩ መመገቢያውን ወዲያው ያውርዱ፤ አጥበው ለሁለት ሳምንት ያህል አይስቀሉት። የታመመችው ትራባለች ብሎ መተው የቀሩትን መጨረስ ነው።

ሁለተኛው አደጋ መስታወት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ግምት እንደሚያሳየው አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ከ365 ሚሊዮን እስከ 988 ሚሊዮን ወፎች ከሕንጻ ጋር ተላትመው ይሞታሉ። ወፏ መስታወቱ ውስጥ የምታየው ዛፍና ሰማይ ነው። መመገቢያው ከመስኮቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ቢሰቀል ተነሥታ ብትላተምም የሚጎዳ ፍጥነት ላይ አትደርስም፤ አለዚያ ከዘጠኝ ሜትር በላይ ይራቅ። በመካከል ያለው ርቀት ነው የሚገድለው። በመስታወቱ ውጫዊ ገጽ ላይ በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ ነጥብ መለጠፍም ያስጥላል። አንድ የጭልፊት ተለጣፊ ብቻ ግን አይበቃም።

ሦስተኛው ድመት ነው። በ2013 የታተመ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፎች እንደሚገድሉ ገምቷል። ድመቱን ውጭ የሚለቅ ሰው መመገቢያ ባይሰቅል ለወፎቹ ይሻላል። የጎረቤት ድመት የሚመላለስበት ጓሮ ከሆነ መመገቢያው ድመት ከሚያደባበት ቁጥቋጦ ሦስት ሜትር ያህል ይራቅ። ወፎቹ ጭልፊት ሲመጣ የሚሸሸጉበት ዛፍ ግን በቅርብ ርቀት ይኑር። ጭልፊቱም ወፍ ነው፤ እሱም ሌሊቱን ያድራል። ተመላላሽ ከሆነ ለአንድ ሁለት ሳምንት መመገቢያውን ማንሣት ነው፤ ትንንሾቹ ይበተናሉ፣ እሱም ወደ ሌላ ይሄዳል። ድብ ባለበት አካባቢ ደግሞ መመገቢያ የሚሰቀለው ድቡ ተኝቶ ባለበት በበረዶው ወቅት ብቻ ነው።

ከፍሬ የሚያልፍ ነገር

በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ1970 ወዲህ የሰሜን አሜሪካ የወፍ ቁጥር በ2.9 ቢሊዮን መቀነሱን አስታውቋል። ከአራት አንድ በላይ ማለት ነው። ከጎደሉት ውስጥ ዛሬ በመመገቢያ ሥር የሚለቅሙት ጃንኮዎችና ድንቢጦች ይገኙበታል። ይህን ጉድለት ከረጢት ፍሬ አይሞላውም። መመገቢያ ሌሊት ያሻግራል፤ ዘር ለመተካት ግን ወፍ ሌላ ነገር ትፈልጋለች።

የምትፈልገው አባጨጓሬ ነው። የቺካዲ ጫጩት ፍሬ አይበላም። አንድ ጥንድ ቺካዲ የአንድ ጊዜ ጫጩቶቹን ለማሳደግ ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ይለቅማል። አባጨጓሬዎቹ ደግሞ የሚኖሩት በብዛት በአገር በቀል ተክል ላይ ነው። ደዚሬ ናራንጎ፣ ዳግላስ ታላሚና ፒተር ማራ የዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪዎችን ጓሮ እየዞሩ አጥንተው በ2018 ባሳተሙት ሥራ፣ የካሮላይና ቺካዲ ራሷን መተካት የምትችለው ከጓሮው ተክል 70 በመቶ ያህሉ አገር በቀል በሆነበት ቦታ መሆኑን አሳይተዋል። ከውጭ የመጣ ጌጠኛ ዛፍ በሞላበት ጓሮ ግን የመራባት ዕድሏ ይቀንሳል። በዚያ አካባቢ የኦክ ዛፍ ዝርያዎች ብቻ ከ500 በላይ የአባጨጓሬ ዓይነቶችን ያኖራሉ። ኦኩ በበረዶውም ወራት ሥራ አይፈታም፤ ቺካዲ በዚያ ብርድ ከምትበላው ግማሹን ያህል የምታገኘው በቅርፊቱ ስንጥቅ ከተሸሸጉ ነፍሳት፣ ሸረሪቶችና እንቁላሎች ነው።

የሚያዩትንም ይመዝግቡ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከልና በካናዳ አጋሩ የሚመራው ፕሮጀክት ፊደርዎች ከ1987 ጀምሮ በየዓመቱ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ተራ ሰዎች በመመገቢያቸው ላይ የሚያዩትን ወፍ እንዲቆጥሩ ያደርጋል። ከ1900 ጀምሮ በየገና ሰሞን የሚካሄደው የወፍ ቆጠራም አለ። የሃውስ ፊንች በሽታ እንዴት እንደተዛመተ የታወቀው በጓሯቸው ያዩትን ጽፈው በላኩ ሰዎች ነው። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ልጆችም ይችሉታል።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። አንድ በቀላሉ የሚፈታ መመገቢያ ይግዙ፤ ጥቁር የሱፍ አበባ ፍሬ ይሙሉበት፤ ከመስኮቱ ያለውን ርቀት ይለኩ። አቅም ሲኖር ኑግና ሞራ ይጨምሩ። የማጠቢያውን ቀን በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ያስፍሩ፤ ማጠብ የማይመችዎ ከሆነ አለመስቀል ይሻላል። ምድሩ ሲለሰልስ ደግሞ ለአካባቢዎ የሚስማማ አንድ አገር በቀል ዛፍ ይትከሉ። መመገቢያው የዛሬውን ሌሊት ያሻግራቸዋል፤ ዛፉ ግን ከእኛ በኋላ ለሚመጡትም ወፎች ምግብና ማደሪያ ይሆናል።